ያለ ሄፓሪን ያለፍናት ቅዳሜ

ውድ መርማሪዬ፣

ይህን ስም እኛ ታማሚዎቹ ለአንተ ለነርሳችን እንዳወጣንልህ ሰምተህ ይሆን? እኛን ከኩላሊት እጥበት ማሽኑ ጋር ከማገናኘትህ በፊት «ደም ፈስሶዎት ነበር? ወድቀው ነበር? ጥርስ አስነቅለዋል?» ሳትል ያለፍክበት ቀን ስላልነበረ ነው። ወደ ሌላ ሆስፒታል የተዛወርከው እኔ በማልመጣበት ቀን ሆነና ሳንሰነባበት ቀረን። ያልነገርኩህ ነገር አለ፤ ለዚያ ነው የምጽፍልህ።

የልጄ ሰርግ ዋዜማ የነበረችውን ቅዳሜ አትረሳትም። ሳምንቱን ሙሉ መንጋጋ ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ ሰንብቶ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሄጄ አስነቀልኩት። ጉንጬ አብጦ ልጄን ልድር? የጥርስ ሐኪሙ ስለ ጤናዬ ሲጠይቀኝ «ልብስ ሰፊ ነኝ» አልኩት። አልዋሸሁም።

በማግስቱ አንተ ስትጠይቀኝ ግን «ምንም የለም» ብዬ ዋሸሁ። እጥበቱ ለሰኞ ይተላለፋል ብዬ ፈርቼ ነው። እግሬ እንደዚያ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ሰርጉን እንዴት እችለዋለሁ? ሄፓሪኑን በመርፌ ስበህ መጣህ። ደሜ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ የምትሰጠኝ መድኃኒት መሆኑን አውቃለሁ፤ የተነቀለ ጥርስ ቦታን እንደሚያደማም አልጠፋኝም። ክንዴን ዘረጋሁልህ።

ያጋለጡኝ አጠገቤ የሚታጠቡት ጡረተኛው ሾፌር ናቸው። «እትዬ፣ ዛሬ ሬዲዮኑን ማን ዘጋብን?» አሉኝ፤ ሬዲዮ የሚሉት የማያልቀውን ወሬዬን ነው። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት የነከስኩት ጥጥ በደም ቀልቶ ደረቴ ላይ ወደቀ።

መርፌውን አስቀመጥክ።

«መቼ ነው?»

«ትናንት።»

«ለምን ደበቁኝ?»

«ነገ ልጄን እድራለሁ።»

ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረህ ተመለስክ። «ያለ ሄፓሪን እንሞክራለን። የማሽኑ ማጣሪያ ውስጥ ደም ከረጋ ግን ያለው ደምዎ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በየሩብ ሰዓቱ በጨው ውሃ አጥበዋለሁ» አልከኝ።

«አራት ሰዓት ሙሉ? ሌላ ሥራ የለህም?» ብዬ ተቆጣሁህ። እፍረቴ ነበር የተቆጣው።

ሾፌሩ ሰዓት ጠባቂ ሆኑ። «ሩብ ሞላ፣ ውሃ ጨምር፣ ሞተሩ እንዳይግል» ይላሉ። ውሃው ሲያልፍ ማጣሪያው ፈዘዝ ይላል፤ አንተ ጎንበስ ብለህ በስልክህ መብራት ታየዋለህ፤ ከዚያ ደሜ ተመልሶ ያቀላዋል። ከጀመርን ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ማጣሪያው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመሮች ታዩ፣ የማሽኑ የግፊት ቁጥርም መውጣት ጀመረ። ከንፈርህን ስትነክስ አየሁህ። ተረኛዋ ነርስ መጥታ «ሂድ፣ እኔ እቀጥላለሁ» ብትልህም ንቅንቅ አላልክም።

ሃያ ደቂቃ ሲቀረው «ይብቃን፣ ሳይረጋ ደምዎን እንመልስ። የጎደለውን ሰኞ እናካክሳለን» አልክ። ቱቦው እየጠራ እየጠራ ደሜ ወደ ክንዴ ገባ። ሾፌሩ ከአልጋቸው ሆነው በአንድ እጃቸው ጭናቸውን እየመቱ አጨበጨቡልን። እኔ አመሰግናለሁ እንኳን ሳልል ጫማዬን ፍለጋ ጎንበስ አልኩ። ዕንባዬን እንዳታይ ነበር።

እሁድ ሙሽራዋን ቀሚሷን ራሴ አለበስኳት፤ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ጫማዬ ልክ ሆነልኝ። ጨፈርኩ። ልጄ መጥታ «እማ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ሙሽራዋ እኔ ነኝ» እስክትለኝ ድረስ ጨፈርኩ።

እንግዲህ ያልነገርኩህ ይኸውልህ። የሙሽራው አክስት «በሽተኛ ናቸው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ማን ነው እንዲህ የሚንከባከብዎት?» ብለው ጠየቁኝ። «ወንድ ልጄ» አልኳቸው። «የታለ?» ሲሉኝ «ሥራ ላይ ነው» አልኩ። ጠረጴዛው ሁሉ መረቀልህ።

አሁን ደህና ነኝ፤ እጥበቴንም አላቋርጥም። የትከሻህንና የእጅጌህን ልክ ላክልኝ፤ አንድ ቀን ስታገባ የምትለብሳትን ሱፍ ሌላ ሰው አይሰፋትም። ልጄም ልታይህ ትፈልጋለች። ያን ቀን የአክስትየዋን ጥያቄ ሰምታ ኖሮ፣ የሙሽራ ዓይነ ርግቧን ገለጥ አድርጋ በጆሮዬ «እማ፣ ወንድም ነበረኝ እንዴ?» አለችኝ።

«ትናንት ነው የወለድኩት» አልኳት።

ሳላማክርህ እናትህ የሆንኩት፣
ልብስ ሰፊዋ