ማዕዘን ሳይቆም የተቆረጠ ቀን

የማከብርዎ አባቴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ ክረምቱን ቻለው? እማዬንስ ሳሉ ለቀቃት? እናንተ ጋ ቅበት ዘንድሮ ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ የጓሮው ግድግዳ አሳስቦኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን ከራቀኝ ሰነበተ። በስልክ ብነግርዎ ድምፄ ያስደነግጥዎታል ብዬ ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ በሚመጣው በኢብራር እጅ ልኬያለሁ፤ ወንድሜ አነስ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

እዚህ ኮልፌ የሰፈራችን የሕፃናት ትምህርት ቤት አሮጌ የጭቃ ክፍሎች ፈርሰው አራት አዲስ ክፍል እየሠራሁ መሆኔን ያውቃሉ። ሰኔ ላይ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ስንት ቀን ይፈጃል ሲለኝ መቶ አሥር አልኩ። ሰብሳቢው ሐጂ ሽኩር ሳቁና፣ «አንቺ ልጅ፣ ፎቅ ነው እንዴ የምትሠሪልን? ሰባ አምስት በይና በቢስሚላህ እንጀምር» አሉኝ። ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈርቼ፣ ሌላ ምንም ሳልለውጥ ቀኑን ብቻ ቀንሼ ፈረምኩ። በዚያ ስሌት ጳጉሜን አምስት ማለቅ አለበት።

እርስዎ ቤት ሲገነቡ አንድ ማዕዘን ሳያቆሙ ቀን አይቆርጡም ነበር። ባለቤቱ ሲቆጣ፣ «የሰዎቼ እጅ ገና አልሞቀም፤ ነገ ማታ እነግርዎታለሁ» ይሉ ነበር። ሰው «የማዕዘኑ ሰውዬ» እያለ ሲቀልድብዎ እኔ አፍር ነበር። ባለፈው ሳምንት ያንኑ አደረግሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ቆጠርኩ። በወረቀቴ አንድ ግንበኛ በቀን መቶ ብሎኬት ይደረድራል፤ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ስለሚያስቆመን ስልሳም አልሞላ። ሁለት ቀን ደግሞ ሰፈሩ ለቅሶ ነበረበትና ማንም አልሠራም። ኮሌጅ ስማር በሥራ ዕቅድ ላይ ለቅሶ የሚገባበት መስመር አላሳዩኝም። በሰኔ ዋጋ ለጣሪያ ብረት የያዝኩት ገንዘብም፣ ትናንት አየር ጤና ወርጄ ብጠይቅ፣ ለሦስት ክፍል ብቻ ነው የሚበቃው። እንደገና ብደምረው ከጥቅምት ሃያ በፊት አያልቅም።

ከሁሉ የከበደኝ ጎረቤቴ ዘመነች ናት። ከቸርች ስትመለስ የግቢው በር ላይ ቆማ፣ «ሰልዋዬ፣ ናዝራዊትን ሌላ ቦታ ላስመዝግባት ወይስ ልጠብቅ?» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ «ጠብቂ» አልኳት። የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ምዝገባ ቅዳሜ ይዘጋል። ዝም ካልኩ ልጅቷ ቤት ትቀራለች። ከተናገርኩ ወላጆች ልጆቻቸውን ይወስዳሉ፤ እኔንስ ከእንግዲህ ማን ያሠራኛል?

ኮሚቴው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይሰበሰባል። ይህን ወረቀት እንዳጠፍኩ ግን ዘመነች ቤት ሄጄ አስመዝግቢያት እላታለሁ። ለእሷ ከነገርኩ በኋላ ስብሰባው ላይ ማፈግፈግ አልችልም። ኢብራር ነገ ማለዳ ስለሚነሳ ከዓርብ በፊት ይደርስዎታል። ዱዓ ሲያደርጉልኝ ሥራው ቶሎ ይለቅላት አይበሉ፤ ሐጂ ሽኩር ሲስቁ ቀኑን እንዳትቀንስ ይበሉልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ በኢብራር የላክሁላትን ማር ከሎሚ ጋር ትውሰድ። አነስ ጓሮው ድረስ ብቻዎን እንዳይልክዎ አደራ ብያለሁ። የአነስ ልጅ ትንሿ ሀይፋ መቼ ትመጪያለሽ ብላ ልካብኛለች። ለእሷም ቀን አልቆርጥላትም፤ ጣሪያው ሲከደን ይበሏት።

ልጅዎ ሰልዋ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ረቡዕ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.