አገር ካቀናው አያት እስከ እኛ

ሞላሌ፣ ጥር ፲ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወዳጆ ገብረየሱስ፣ ዓይንህን እስካይ ድረስ መድኃኔዓለም በያለህበት ይጠብቅህ። እኛ ለስሙ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነን።

ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። የርስት ክርክራችን ለመጋቢት ተቀጥሯል። አገሩን ካቀናው አያት ጀምሮ ሐረጉን በቃሉ ያልቆጠረ ርስት እንደማያገኝ ታውቃለህ። ስምንቱን ስም እንደ አባባ አሳምሮ የሚቆጥር በአገሩ የለም። ዘንድሮ ግን «አንቺ ቁጠሪ፣ እኔ ልስማሽ» ይሉኛል። ትናንት አምስተኛው ላይ ስደርስ «ከሱ ቀጥሎ ማን ነበር?» አሉኝ፤ ሊፈትኑኝ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ስሞቹን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ፤ አጥናና ከቀጠሮው በፊት ድረስ።

አባባ ሰላም ብለውሃል። ደብዳቤህን ሳነብላቸው ደስ ብሏቸው፣ «ጨዋ ልጅ ነው፤ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

እህትህ ጥሩሸዋ፣
የገብረየሱስ ልጅ።