በመጻሕፍት ክብደት ሥር፦ የአቶ አምባው ተስፋሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ አምባው ተስፋሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ተስፋሚካኤል ሀብተየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አደሴ ጂራታ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረው የሠራተኞች መንደር ተወለዱ። አባታችን የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። እናታችን ደግሞ ዛሬ ፋብሪካና ማረሚያ ቤት ከቆመበት ከቂሊንጦ ሜዳ፣ ከገበሬ ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ብዙወርቅ ነኝ። ወንድማችን ቀን የተሳሳተበት ጽሑፍ እጃቸው ከገባ ሳያርሙ ስለማያድሩ፣ ቀኖቹን ደጋግሜ አመሳክሬአለሁ።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ አቃቂ ተከታትለው በ1976 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ቀጥሎም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1978 ዓ.ም. በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ በዲፕሎማ ተመረቁ። አባታችን በምረቃው ዋዜማ፣ «መጽሐፍ መደርደር ደግሞ ትምህርት አለው እንዴ?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ወንድማችን በሳምንቱ የቤቱን ዕቃ ሁሉ፣ የጨው ዕቃዋን እንኳ ሳይተዉ፣ በየዓይነቱ ለይተው ቁጥር ለጠፉበት። እናታችን ለወራት በርበሬ ፈልገው ቡና ይከፍቱ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ። በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስካለች ሮሪሳ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሩትንና ፍቅሩን ወለዱ። ፋብሪካው ቤተ መጻሕፍቱን ሲዘጋ መጻሕፍቱ ያኔ አዲስ ለተከፈተው ለጎሕ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተሰጡ፤ ወንድማችንም በ1988 ዓ.ም. ከመጻሕፍቱ ጋር አብረው ተዛወሩ። ጎሕን የማታውቁት ካላችሁ፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ምድር ቤቱ የንባብ አዳራሽ ሲሆን መጻሕፍቱ የሚቀመጡት ፎቁ ላይ፣ ልክ ከአንባቢዎቹ ራስ በላይ ነው።

በሙያቸው ቆመው አያውቁም። የካታሎግ ካርድ በታይፕ ከመምታት ተነሥተው መረጃውን ወደ ኮምፒውተር እስከ ማዛወር ደርሰዋል። በማታው መርሐ ግብር ተምረው በ2001 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከገላን እስከ ሳሪስ ያሉ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። በየሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን፣ የመጀመሪያ ሰዓት የሚናገሩት አንድ ነገር ነበር፤ «መጽሐፍ አይጣልም» የሚል።

ይህ የእርሳቸው አመል ብቻ አልነበረም። በመንግሥት ቤት አንድ መጽሐፍ ከተመዘገበ ንብረት ነው። ቢጎድል ከሠራተኛው ደመወዝ ይቆረጣል፤ ለማስወገድም ኮሚቴ ተሰይሞ፣ ተሰብስቦ፣ ተፈራርሞ ነው። ስለዚህ የገባ አይወጣም። ወንድማችን ግን ደንቡን ከመፈጸም አልፈው አምነውበት ነበር። ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር የመጣ ስጦታ ሁሉ ይቀበላሉ። አንድም ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ የጥርስ ሕክምና መጽሐፍ፣ ሥራ ላይ የሌለ የሰው አገር የግብር ሕግ፣ ሌሎች ቤተ መጻሕፍት አንፈልግም ያሉት ጥራዝ ሁሉ ጎሕ ገባ። ካርቶን ሲወርድ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ይበራ ነበር። ፎቁ ላይ መደርደሪያው ሞላ፣ ከዚያ መተላለፊያው ሞላ፣ በመጨረሻ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍበት ሆነ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት የንባብ አዳራሹ በር አልዘጋ አለ። ማንም አልደነገጠም፤ የአቃቂ መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ የሁላችንም በር ያስቸግራል። በጋው ሲመጣ የኛ በሮች ተመለሱ። የጎሕ በር አልተመለሰም። ጠዋት ጠዋት መሐል ያለው ጠረጴዛ ላይ ነጭ አቧራ ተኝቶ ይገኝ ጀመር። ወንድማችን ጠርገውት ቀና ሲሉ፣ በፎቁና በአዳራሹ መካከል ያለው የኮንክሪት ሶሌታ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አዩ። ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ አንድ የካታሎግ ካርድ በሙጫ ለጠፉበት። ካርዱ ለሁለት ተቀደደ። ሌላ ለጠፉ፤ ያኛው ከፊተኛው ፈጥኖ ተቀደደ።

በ2015 ዓ.ም. በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነሥተው ከመጻሕፍቱ ግማሹ በአስቸኳይ ከሕንፃው ይውጣ አሉ። የንብረት ኃላፊዋ ወይዘሮ ሒክማ፣ ሙያውን ያስተማሯቸው ራሳቸው ወንድማችን ናቸው፣ «ጋሽ አምባው፣ መጽሐፍ አይጣልም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ? ዛሬ ምን ነካዎት?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድማችን ቤት መጥተው ይህንን ሲነግሩን እራት ቀርቦ ነበር። «ልክ ናት፤ የገዛ ቃሌን ነው የመለሰችልኝ» ብለው እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነሡ።

የጎሕ ኃላፊ አቶ ዮሚፍ መሐንዲስ አስጠሩ። መሐንዲሱ በደንብ ለመመርመር መጀመሪያ ጭነቱ ይቀነስ አሉ። ጭነቱን ለመቀነስ ኮሚቴ ያስፈልጋል ተባለ፤ ኮሚቴው ደግሞ የመሐንዲሱን ውጤት እጠብቃለሁ አለ። ነገሩ እንዲሁ ሲሽከረከር አዲስ ስጦታ መጣ። ወንድማችን በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንቀበልም አሉ። ሌሎች ተቀበሉ፤ ካርቶኖቹም ከለጋሾቹ ጋር ፎቶ ከተነሡ በኋላ ፎቁ ላይ ወጡ።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ልክ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ፣ ወንድማችን አዳራሹን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ከገላን ኮንዶሚኒየም በታክሲ የመጡ ተማሪዎች፣ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ለማታ ትምህርት የሚያነቡ የማረሚያ ቤት ጥበቃዎች ደጁ ላይ ተሰበሰቡ። ወላጆች ሰደቧቸው። ስድቡን ቻሉት። አንዲት ልጅ ግን፣ «ጋሼ፣ ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ታዲያ የት ሄጄ ላንብብ?» አለቻቸው። ይህ ጥያቄ እስከ መጨረሻው ያንገበግባቸው ነበር። አዳራሹ በዚያው ሳምንት በትእዛዝ ተከፈተ፤ ለእርሳቸውም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። ጋቢ ለበሱ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፣ ተጨበጨበላቸው። በማግስቱ ጠዋት እንደ ማንኛውም አንባቢ መታወቂያቸውን አስመዝግበው አዳራሹ ገቡና ከስንጥቁ ሥር፣ መሐሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አንዱ ወንበር ላይ፣ ካፖርታቸውን ሌላው ላይ፣ ጋዜጣቸውን በጠረጴዛው ሙሉ ዘረጉ። ማንም እዚያ እንዳይቀመጥ ነው። ተማሪዎቹ «ጋሽ ሶሌታ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ሲገቡም «ጋሽ ሶሌታ፣ ዛሬም አልወደቀም?» ይሏቸዋል። እርሳቸውም «ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ» ይላሉ። ከዓመት በላይ ሲከፈት ገብተው ሲዘጋ ወጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች አልቅሰው ለመኗቸው፤ እኔም አንድ ቀን ተቆጥቼ፣ «ምን አግብቶዎት ነው? ጡረታ ወጥተዋል!» ብያቸዋለሁ። «የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ብዙዬ» አሉኝ። እልኸኛ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ እልኸኛ ግን ደግሜ የማገኝ አይመስለኝም።

ጥር 2018 ዓ.ም. ቤታቸው ውስጥ እያሉ ስትሮክ መታቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አንደበታቸው በጥቂቱ ተመለሰ። የተመለሰውን ያህል የተጠቀሙበት ለአንድ ጥያቄ ነበር። ሊጠይቃቸው የመጣውን ሰው ሁሉ፣ ሐኪሞቹንም ጭምር፣ «መሐሉ ጠረጴዛ ላይ ማን አለ?» ይሉ ነበር። መተኛት አልቻሉም። በመጨረሻ ሩት እጃቸውን ይዛ፣ «አባዬ፣ አዳራሹ ተዘግቷል። መጽሐፎቹን እያወረዱ ነው» አለቻቸው። ሁላችንም አዎን አልን። ወንድማችን ዓይኗን ትክ ብለው አይተው፣ «ተመስገን» አሉና ተኙ። መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ አምባው ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስካለችን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን እምነትን እና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም ለቀብራቸው ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። አቶ ዮሚፍና ወይዘሮ ሒክማ እዚህ መካከላችን ቆመው ከልባቸው ሲያለቅሱ አይተናል። ወንድማችንን ይወዷቸው እንደነበር እናውቃለን።

ሩት የነገረቻቸው ግን እውነት አልነበረም። አዳራሹ አልተዘጋም፤ አንድም መጽሐፍ አልወረደም። ትናንት ይህን ጽሑፍ ለማሳተም ሲሄድ ፍቅሩ በጎሕ በር ቆሞ ወደ ውስጥ ተመልክቷል። አዳራሹ ሙሉ ነበር። መሐሉ ጠረጴዛ ላይ ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው ያነባሉ።

አምላካችን የወንድማችንን ነፍስ ጭነት በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ እነዚያን ልጆችም በምሕረቱ ይጋርድልን። እርሳቸው አሁን ባሉበት ሐሰት የለምና ዋሽተን እንደሸኘናቸው ዐውቀዋል። አቶ ዮሚፍ፣ ቁልፉ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። ከዚህ ስንነሣ ወደ ድንኳኑ አይምጡ፤ በቅድሚያ በጎሕ በኩል ይለፉና ልጆቹን አስወጥተው ይቆልፉልን።