በቃል ያስጠናሁሽ ሰሌዳ

ልጄ፣ መንገድሽ ይቅና፣ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እንዲቀልሽ በትልልቁ ነው የምጽፈው። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ቤት ሂድ ስለው ድኛለሁ ይላል። እኔ ደግሞ ልቤ አልሰበሰብ ብሎኝ፣ ትናንት የጎረቤታችንን ቀሚስ እጅጌ አገላብጬ ሰፍቼ መልሼ ፈታሁት።

የዩኒቨርሲቲሽ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ቢሮ የልጅነት የዓይን ምርመራሽን ከጠየቀ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወረቀቱ አለ። ግን «በደንብ ታያለች» ነው የሚለው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ትምህርት ቤቱ እንዳይመልስሽ ፈርቼ፣ ቀድሜ ሄጄ የምርመራውን ሰሌዳ በወረቀት ጽፌ አመጣሁ። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጬ፣ ፊደሎቹን ከላይ እስከ ታች በቃልሽ አስጠናሁሽ። በምርመራው ቀን አንዱንም ሳትስቺ ተወጣሽው። ነርሷ ስታጨበጭብልሽ፣ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ይህንኑ ለቢሮው ጽፌ፣ ፈርሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ አስተርጉመሽ ስጫቸው። የሚያነብልሽ ሰውም ሆነ የፈተና ጭማሪ ሰዓት ቢሰጡሽ፣ እንዳታፍሪ፤ ያፈርኩት እኔ ይበቃል።

ፈጣሪ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ እንደገና ሲመረምሩሽ፣ ሰሌዳው ያው የድሮው ሆኖ ፊደሎቹ ትዝ ቢሉሽ እንኳ፣ አይታየኝም በያቸው።

እናትሽ