ስለ ጥናትዎ በአዳራሹ ላወጉት ታሪክ ከክንዱ ባለቤት የቀረበ ማረሚያ

ለክቡር ዶክተር ነቢል፣ የቃጠሎ ቁስል ሐኪምና ተመራማሪ
ሐምራ፣ ቤይሩት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለማዳሜና ለልጆችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከግራ እጄ ሁለት ጣቶች በቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ።

ባለፈው ወር ከአዲሱ ጥናትዎ በስተጀርባ ያለውን ታሪክ ለሕዝብ ባካፈሉበት ዕለት፣ ለእንግዶችዎ ጭማቂ እንዳዞር ወደ አዳራሹ ስለወሰዱኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ተመራማሪ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የመጣበትንም መንገድ መናገር አለበት» ሲሉ ከሰው ጋር ላጨበጭብ ፈልጌ ነበር፤ ትሪ ስለያዝሁ ቀረ። ወዲያው ግድግዳው ላይ ቆዳው የተላጠ ክንድ ምስል በራ። ከክርኑ በላይ ያለውን፣ በልጅነቴ ደሴ አጥር ስዘል ሽቦ የቀደደኝን ጠባሳ ሳይ የእኔ መሆኑን አወቅሁ። እርስዎም «ሠራተኛችን በግድየለሽነት የፈላ ውኃ በራሷ ላይ ደፋች፤ ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። በሦስት ዓመት ውስጥ አረብኛ መልመዴን በመዘንጋትዎ አልቀየምም፤ ሆኖም ታሪኩ እውነቱን እንዲይዝ ጥቂት ማረም ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት።

አንደኛ፣ ውኃውን እኔ አልደፋሁትም። የነጭ ሸሚዝዎን አንገትጌ በካውያ ስላሳረርሁ ማዳሜ ማካሮኒ የሚቀቀልበትን ድስት ከእሳት አንስተው ወረወሩብኝ። በክንዴ ባልከላከል ኖሮ ግድግዳው ላይ የሚበራው ፊቴ ነበር። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው «ኸላስ፣ በቃ፣ ወለሉ ረጠበ» ብለዋል። ይህን የመሰለ ንግግር ከታሪኩ መውጣቱ ቅር አሰኝቶኛል።

ሁለተኛ፣ የሚያጠኑትን አዲስ ቅባት የቃጠሎውን ግማሽ ብቻ ቀብተው ሌላውን ባዶ ተዉት። በአራተኛው ቀን ባዶው መግል ሲቋጥር «ዶክተር፣ በዚህ በኩልስ?» ብልዎ «ሹወይ ሹወይ፣ ቀስ በይ፣ ይደርሳል» አሉኝ። አሥራ አንድ ቀን ጠበቅሁ። ምን ስጠብቅ እንደከረምሁ የገባኝ «ያልታከመው ጎን ለማነጻጸር ነው» ሲሉ በአዳራሹ ስሰማ ነው። የሞተውን ሥጋ ያለ ማደንዘዣ በመቀስ ሲቆርጡ ማዳሜ አፌን በፎጣ አፍነው ይዘውልዎ ነበር፤ ረዳቶችዎን አንድ በአንድ በስም ሲያመሰግኑ እሳቸውን መርሳትዎ ያሳዝናል።

ሦስተኛው የእኔ ጥፋት ስለሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ፣ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ከምስሉ አጠገብ ቆምሁ። ከፊት የተቀመጡት አሮጊት ሐኪም ተነሥተው «ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አሉኝ። «ማዳሜ ደፉብኝ፤ ዶክተር ደግሞ ግማሹን እንዲበሰብስ ተዉት» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልሰማሁም። እርስዎ ግን «ያኒ፣ ደክሟታል» ብለው ፈገግ እያሉ ወደ መኪናዎ ወሰዱኝ፤ በሩንም በጣቶቼ ላይ ዘጉት። አጥንቱ ሲሰበር ሁለታችንም ሰምተናል። እርስዎ ግን ከፍተው እንደገና ዘጉት።

መኪናው መብራት ላይ ሲቆም ዘልዬ ወርጄ በቫን የአገሬ ልጆች ወደሚኖሩበት ወደ ዶራ ሰፈር ገባሁ። አሮጊቷ ሐኪም አፈላልገው አገኙኝ፤ ጣቶቼን አሰሩልኝ፤ የነገርኳቸውንም ጽፈው፣ እኔም ፈርሜበት፣ ጥናትዎን ላወጣው መጽሔት ልከዋል። መጽሔቱም ጥናቱን ሰርዞ ከኅትመት ማንሳቱን ሰኞ ዕለት ነግረውኛል። ይህን ከእኔ ቀድመው ሰምተው ከሆነ ስለደጋገምሁት ይቅርታ። የቀረኝ ፓስፖርቴ ብቻ ነው፤ በእሳቸው በኩል ቢልኩልኝ ውለታዎ አይረሳኝም።

ለምርምር ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽሁ፣ በግማሽ ለታከመችው እጄ ባለውለታነትዎን ሳልዘነጋ፣

ሰሊማ አብዱልገኒ
ኅዳር 1990 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ በእኔ ምትክ አዲስ ልጅ ማስመጣትዎን ሰማሁ። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እኔና የዶራ ልጆች አግኝተናት ፊቷንና ሁለቱንም ክንዶቿን ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ቀን ጽፈንበት፣ አንዱን ቅጂ ለአሮጊቷ ሐኪም ሰጥተናል። ፎቶው እስከተነሣበት እስከ ማክሰኞ ድረስ ቆዳዋ ሙሉ ነው።