ለጭሱ የተሰቀለ ነጠላ

ውድ ወለላ፣

ደልጊ ተስማማሽ? አባትሽ ቤት ዳዊት ስትደግሚ ውለሽ ስትደግሚ እንደምታመሺ እገምታለሁ። አጎትሽን ግን በጸሎትሽ አታንሺው፤ ስሙ ሲጠራ ቅዱሳኑ ሳቅ ያመልጣቸዋል። እናትዓለም እኔን ባሏን እንደ ድሮዋ ትቆጣለች፤ ጤነኛ መሆኗን በዚህ ዕወቂ።

ይህን የምጽፍልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም። ደውዬ ገና «ፕላዝማው ብረት መቁረጫ…» ስል «ጋሼ፣ ኔትወርኩ አስቸገረኝ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም። እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ።

የሄድሽው ታመሽ ነው። በዐቢይ ጾም መካከል፣ ለቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ያንን ዚንክ የለበሰ ላሜራ በፕላዝማው ስትቆርጪ ዋልሽ። ብረቱ እንደ ጨርቅ ሲሸነሸን ግቢያችን ነጭ ጭስ ለበሰ። ማታ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ብንደርብልሽም መንቀጥቀጡ አልተወሽም። «አፌ ውስጥ ሳንቲም ያለ ይመስለኛል» ትዪ ነበር። እኛ ብረት ሠራተኞች ደግሞ ለዚህ የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ወተት። ጭስ የዋጠ ሰው ወተት ይጠጣል፣ አለቀ። ግን የመሪጌታ ልጅ በጾም ወተት! ከንፈርሽን ገጥመሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽ። እኔም ለአባትሽ ደውዬ «የኔታ፣ ልጅዎን ጾሙ ነው ያሳመማት፤ ወተት ትጠጣ ዘንድ ይፍቱልኝ» አልኋቸው።

«ጾሙን ከሕፃንነቴ ጀምሬ ጾሜዋለሁ፤ አንድም ቀን አላንቀጠቀጠኝም» አሉ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን። «ማሽንህ ግን ከመጣ ስንት ወሩ ነው?»

በማግስቱ በጀልባ መጥተው ወሰዱሽ። «የዚህ ግቢ አየር እስኪጠራ ልጄ አትመለስም» ያሉት ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ እጅ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ፋሲካ እንዳለፈ የወተቱን ነገር ላረጋግጥ ተነሣሁ። ከጎረቤት አንድ ሊትር አስመጥቼ ግጥም አድርጌ ጠጣሁና የተረፈውን ላሜራ ቆረጥሁ። ማታውን ጥርሴ እርስ በርሱ ሲጋጭ እናትዓለም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣

«ወተቱ እየሠራ ነው?» አለችኝ።

«ገና አልጀመረም» አልኋት።

«ሆድህ ውስጥ ሆኖ ሳንባህን እያፈላለገ ይሆናላ!»

እሷ ስትስቅ አልጋው ተነቃነቀ። ነገሩ ግን ልቤ ገባ። ወተቱ የወረደው በአንድ መንገድ፣ ጭሱ የገባው በሌላ። ከገባ በኋላ ማባረር የለም፤ ሳይገባ መያዝ ነው።

ብረትን የተማርሁት ብረት እያበላሸሁ ነው፤ ጭሱንም እንዲሁ። መጀመሪያ ማራገቢያ ገዝቼ ከኋላዬ አቆምሁ። ጭሱ ከፊቴ ሲሸሽ ደስ አለኝ፤ ለካ የሄደው እናትዓለም ወዳሰጣችው አንሶላ ነው። ያን ቀን ምሳ አልቀረበልኝም። ቀጥሎ በርሜል ለሁለት ሰንጥቄ ግማሹን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አስተኛሁና፣ ላሜራውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ውሃ ሞላሁት። ማሽኑ እሳቱን ወደ ታች ሲተፋ ብልጭታውና ብዙው ጭስ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ለተረፈው፣ አፉ ሰፊ የሆነ የቆርቆሮ ቱቦ ከመቁረጫው ጎን ደቀንሁበት። ከተዘጋ ምግብ ቤት የገዛሁት መሳቢያ ማራገቢያ እየሳበ ከጣሪያ በላይ ያወጣዋል። ልብ በዪ፣ ቱቦውን ከራስሽ በላይ አላደረግሁትም። እንደዚያ ቢሆን ጭሱ ወደ ቱቦው ሲወጣ በአፍንጫሽ በኩል ያልፍ ነበር።

ያንቀጠቀጠን የዚንኩ ጭስ ነውና ዚንክ የለበሰ ላሜራ ከእንግዲህ ግቢያችን አይገባም፤ ደንበኛ ቢያለቅስም ዚንክ የሌለበትን ጥቁሩን ቆርጠን ቀለም እንቀባለታለን። ማጣሪያ ያለው ጭንብልም ገዝቻለሁ፤ ሳጠልቀው እናትዓለም «ዝንጀሮው መጣ» ትለኛለች። በርሜሉ ሥር የሚዘቅጠውን ጥቁር ጭቃ ደግሞ ክዳን ባለው ባልዲ አጠራቅማለሁ እንጂ ወደ ጣና በሚወርደው ቦይ አልደፋም። ዓሣዎቹ ምን አደረጉኝ?

ይህን ሁሉ ከጨረስሁ በኋላ አባትሽን ጠራኋቸው። ትናንት መጡ። ስለ ቱቦው ማብራራት ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«አንተ ስታወራ ጭስ የለም፤ ማሽኑ ሲያወራ እንይ።»

ከትከሻቸው ላይ አዲሱን ነጭ ነጠላቸውን አወረዱ።

«ወለላ ስትቆርጥ ፊቷን የት ታደርጋለች?»

እጄን አነሣሁ። አንገትሽን ወደ ግራ ዘንበል አድርገሽ፣ የምላስሽን ጫፍ ነክሰሽ የምትቆርጪበት ቦታ ባዶ ነበር። «እዚህ» አልሁ። የነጠላውን አንድ ጫፍ እዚያው አሰሩት፤ ሌላውን ጫፍ እስከ በሩ ወጥረው በሽቦ አንጠለጠሉት። እኔም ጭንብሌን አጥልቄ መቁረጥ ጀመርሁ።

ለምሳ ስናርፍ እናትዓለም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሳጥን ውስጥ ሌላ አዲስ ነጠላ አለኝ፤ ልቀይረው?» አለችኝ። እግዜር ያሳይሽ፣ እኔም እሱኑ እያሰብሁ ነበር። አባትሽ ከደጅ፣ ዓይናቸውን ከዳዊታቸው ሳያነሡ፣

«እናትዓለም፣ ጥለቱ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ» አሉ።

ሥራው ሲያልቅ ነጠላውን አውርደን ፀሐይ ላይ ዘረጋነው። በአንቺ ፊት በኩል ያለው እንደ መጣ ነው፣ ነጭ። በበሩ በኩል ያለው ጫፍ ግን መዳፍ የሚያህል አመድማ ጥላ ይዟል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በበሩ ገብቶ፣ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ ከቱቦው አፍ ነጥቆ ያመጣው ጭስ ነው።

«የኔታ፣ አለፍሁ ወይስ ወደቅሁ?»

«ዳኛው እኔ አይደለሁም» አሉ። «ጭሱን የጠጣችው እሷ ናት። ወስጄ ላሳያት፤ እሷ ትፍረድ።»

ስለዚህ ነጠላው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። አላጠብሁትም። የጠቆረውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ ልደብቀው እጄን በልቶኝ ነበር፤ ከላይ አድርጌ አጠፍሁት። በደንብ እዪው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። «እጅሽ እንደ ፍየል ይዘላል» እያልሁ ስስቅብሽ ኖሬአለሁ። እጅሽ ከእጄ ይበልጣል። ይህን ፊት ለፊት ልነግርሽ ምላሴ እምቢ ስላለኝ ነው ወረቀት የያዝሁት። ቢሆንም ለእኔ ብለሽ አትምጪ፤ አባትሽን ላለማሳፈርም ብለሽ አትምጪ። ጫፉን አይተሽ፣ ደረትሽን ጠይቀሽ ወስኚ። አልመጣም ብትዪም ቱቦው ከቦታው አይነቃነቅም፣ ዚንኩም አይገባም። ይህ ግቢ ከእንግዲህ ማንንም አያንቀጠቅጥም።

ጀልባው ሊነሣ ነው። አባትሽን ሸኝቼ ስመለስ ያን በር ደፍኜ በሌላው ግድግዳ፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል እከፍተዋለሁ። እናትዓለም «ለአንድ የነጠላ ጫፍ ግድግዳ ታፈርሳለህ?» ብላኛለች።

አዎ፣ አፈርሳለሁ።

አጎትሽ ገድሉ
ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ