ጠራጊው ሲቆም

ውድ አባባ፣

ይህን ወረቀት ከምሳ ዕቃው ስር ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እማዬ አታውቅም። ዛሬ ምሳውን ይዤ ያልመጣሁት ፈተና ኖሮብኝ አይደለም። ዓይንዎን ማየት ፈርቼ ነው።

ሰኞ ዕለት ዶክተሩ ስለ መቅኒዎ ካንሰር መድኃኒት ግማሹን በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ፣ ወደ እኔ ዞረው "ሃፊዛ፣ ባማርኛ ምን አለኝ?" አሉኝ። እኔም "መርፌው ደምዎ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ጠራርጎ ያወጣል" አልኩዎት። "ከጠረገማ ይጥረግ" ብለው ፈረሙ። ዋሽቼዎታለሁ አባባ። መርፌው አይጠርግም። ጠራጊውን ነው የሚያቆመው።

የማጠናው እርሾ ትዝ ይልዎታል? "እኔ በእርሾ አሳደግኩሽ፣ አንቺ ደግሞ በእርሾ ልትመረቂ ነው" እያሉ ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ዳቦ ቤታችን የገባውን ሰው ሁሉ ያስቁብኝ ነበር። እርሾ የሚበዛው አንዷ ሴል ለሁለት ስትከፈል ነው። ለመከፈል ደግሞ ጊዜው ያለፈበትን ፕሮቲን እየሰባበረ የሚጠርግላት መሣሪያ አላት። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው ማሰሪያ እንዲፈታ መንገዱን የሚጠርገው እሱ ነው፤ ያለ እሱ መለያየት የለም። እኔ የማጠናው ዓይነት እርሾ ግን ጠራጊው ሙቀት አይችልም። ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ላይ ሳስቀምጠው ቀጥ ይላል። ሴሎቹ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ልጅ ከእናቷ ሳትለይ ሁለቱም ያብጣሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በማይክሮስኮፕ ሳየው "ሠራልኝ" ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን ሠላሳ ሰባት የሰው ገላ ሙቀት መሆኑ ትዝ አለኝ።

ዶክተሩ ያለው ይሄን ነው። የሰው ሴልም ይህ ጠራጊ አለው፤ መርፌው የሚያቆመው እሱን ነው። የታመሙት ሴሎች ቆሻሻ ስለሚያበዙ፣ ጠራጊው ሲቆም ቀድመው የሚታፈኑት እነሱ ናቸው። ብዙ ሰው ረድቷል። ጤነኛውንም ግን ይነካል። ጣት ሊያደነዝዝ ይችላል አለ፤ ያንን ሊጡ መድረሱን የሚያውቁበትን ጣት። እኔ ይህን ዘለልኩት። "ይቅርብኝ" ይላሉ ብዬ ፈራሁ። እርስዎን ማጣት እፈራለሁ አባባ፣ ሌላ ምን ልበል። አሁን ደግሞ እሺ ያሉት ለመድኃኒቱ ሳይሆን ለእኔ ውሸት መሆኑ እህል ከለከለኝ።

መርፌው ነገ ጠዋት ነው። "ዕቃ ባዶውን አይመለስም" ብለው ነው ያሳደጉን። እዚያ ሆስፒታል ተኝተው እንኳ፣ ጠያቂ ካመጣልዎት መንደሪን አንዷን ሳይከቱ ምሳ ዕቃውን መልሰው አያውቁም። እውነቱን ሰምተው መርፌውን ከፈቀዱ መንደሪኗን ይክተቱልኝ። ካልፈቀዱ ባዶውን ይላኩት፤ ለዶክተሩ እኔው እነግረዋለሁ፣ እማዬንም እኔው እችላታለሁ።

እማዬ ዕቃውን ይዛ ስትመለስ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። የፈቀዱትን ያድርጉ፤ አልቀየምም። ዕቃው ከብዶ እንዲመጣ ግን ዱዓ እያደረግኩ ነው።

የዋሸችዎት ልጅዎ፣
ሃፊዛ
ቀራንዮ